የጦይባ ሰንሰል

ቦረቦሩ ጫፍ ላይ፣ ከጎብዬ በታች፣
ጦይባ ድንጋይ ክባ፣ ሰንሰል በአጥር ሰካች።
«ስሚ፣» አልኳት ስቄ፣ «ይሄ ምን ሊረባሽ ነው?
ፍየል እንኳ አሽታ የምትተወው!»

ዝም። የእቃ እጣቢዋን በጣሳ ለክታ፣
ለያንዳንዱ ችግኝ ታደርሳለች ማታ፤
አጋሙን ጨመረች፣ ደግሞም ክትክታ።

ሐምሌ ዝናብ ቀረ። ማሽላው ከሰለ፤
አላውሃ ወንዙም መልኩ ስሙን መሰለ።
ዱባዬን ብቻ ነው በጄሪካን ያዳንኩት፤
አህያዬ ታውቃለች ስንት ቀን እንደቀዳሁት።
አብቦስ ነበረ፣ ቢጫ፣ ደማቅ ቢጫ፤
ሳይቋጥር ረገፈ፣ ለጉንዳን መጫወቻ።

ድንገት ሰንሰሉ አበበ፣ በዚያ ሐሩር፣ ነጭ፤
ንቡ ከየት መጣ? እንደ ሩቅ ወፍጮ ሲፈጭ
ዋለ።
ወር እንኳን ሳይሞላ፣ በጋራ አጥራችን
የተሳበው ሐረግ ጉድ ሠራ በመሃላችን፤
ወደሷ የዞረው አራት ዱባ ያዘ፣
ወደኔ የዞረው እንደ ባዶ ኪስ ፈዘዘ።

ለማንም አልነገርኩ፤ ምን ብዬስ ልለምን?
ያ የሳቅሁበት አፍ ይከፈት በምን?
ጨረቃ ስትወጣ፣ ቢላ በብብቴ፣
ቀጭኗን ቅርንጫፍ ስቆርጥ፣ ጎረቤቴ
ከደጇ ላይ ቆማ፦
«ይመር፣ አብሽር ቁረጥ፤ ግን ሌሊት ምን አመጣህ?
ቀን ብትጠይቀኝ፣ ወፍራሙን ልነሳህ?»

ወፍራሙን ሰጠችኝ።
አሁን ሁለት ቅጠል አውጥቷል በደጄ።
ትናንት ፍየሌ መጣች። ቆምኩኝ፣ ዱላ በእጄ።
አሸተተች።
ተወችው።