ሞልቶ የጎደለ

ዱሉዝ፣ የካቲት ነው። ሐይቁ ጥርሱን ነክሷል።
ብረት የጫነ መርከብ፣ በረዶ ቀድሞት፣
ወደቡ ላይ ቆሟል።
ከላቦራቶሪው መስኮት በየጠዋቱ አየዋለሁ፤
«ሰነፍ» እለዋለሁ።

ዛሬ የመጣልኝ ትንሽ ነገር ነው፤
ከክር የማይወፍር፣ ከጥፍር ብዙ የማይረዝም፣
ከሰው ጉበት በመርፌ የተሳበ።
ወረቀቱ ላይ፦ አርቪድ ሊንድክቪስት፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት፤
የወደብ ክሬን ነጂ፤ ጉበቱ ጠጥሯል፤
መጠጥ አልቀምስም ይላል።

ይላል።
ይህችን ቃል ማን እንደጻፋት አላውቅም፣
ሐኪም ይሁን ነርስ፤
ሳትሰድብ ታማለች።
እኔም፣ አልዋሽም፣ ሰም ውስጥ ስቀብረው
«ስንቱ ነው እንዲህ የሚል!» አልኩ በሆዴ።

ሰሙ ረጋ። ምላጩ ገፈፈው፣
አራት ማይክሮን፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ።
ለብ ካለ ውኃ ላይ በመስታወት አነሳሁት፤ ሁለት ጊዜ።
አንዱን እንዲሁ ቀለም አጠጣሁት፤
ሌላውን አስቀድሜ ለኢንዛይም ሰጠሁት፣
ምራቃችን ውስጥ እንዳለው ዓይነት፣
ስኳሩን ልሶ እንዲጨርስ፣
ተሸሽጎ የቀረ ካለ እንዲታይ።

ሰሙ ሄደ፣ ወርቁ ቀረ።
ዶክተር ኮርሆነን ጠራችኝ፤ «ነይ እይው።»
በሕዋሳቱ ሆድ ውስጥ
ሐምራዊ እንክብሎች፣ እንደ ዶቃ፣ ትልቅ ትንሹ፣
ኢንዛይሙ ያልደፈራቸው፤
ጠባሳው በዙሪያቸው እንደ እሾህ አጥር ተጠላልፏል።

ስሙ እጥረት ነው። የፕሮቲን እጥረት።
ጉድ እኮ ነው!
እዚህስ ሞልቷል፤ ያልሆነለት መፍሰስ ነው።
ጉበቱ ሌት ተቀን ሠርቷል፤
የሠራው ግን አተጣጠፉ ተሳስቶ፣
እርስ በርሱ ተቆላልፎ፣
ከደጅ አልወጣም።
ሳንባ ከማዶ ጋሻውን ይጠብቃል፤
ጎተራው በጭነቱ ይሰነጠቃል፣
ጎረቤቱ በረሃብ ያልቃል።

አንድ ፊደል ከአባት፣ አንድ ፊደል ከእናት፤
ለየብቻ ዝም ያሉ፣
ሲገናኙ ቤት መቱ።

ማምሻውን ሐኪሙ ደወለለት አሉ።
አርቪድ ስለ ዕድሜው አልጠየቀም።
«ለሚስቴ ትነግራት ይሆን?» ነው ያለው፤
«አሥራ አንድ ዓመት ጋራዡን ስትበረብር ኖረች፣
ጠርሙስ ፍለጋ።»
ዝም አለ።
ከዚያ፣ «ወንድሜ ኒልስ
በአርባ አንድ ዓመቱ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ።
ሲጋራው ነው ብለን
ቀብሩ ላይ እንኳ ተቆጥተነው ነበር።»

የእኔ ሥራ ከዚህ በፊት አልቋል።
ስላይዱን መሳቢያ ውስጥ አኖርኩ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ።
ቀለም መድኃኒት አይደለም፤ ጠባሳውም አይፈታም።
ነገ የልጁ የሲግኔ ደም በቱቦ ይመጣል።

መርከቡ ዛሬም እዚያው ነው፣
እስከ አንገቱ ተጭኖ።
ሰነፍ አልለውም።