ልክ

ጠዋት በአሥራ ሁለት፣ ማታም በአሥራ ሁለት፣
ወደቡ ጫፍ ላይ ካለው፣ ቁጥር ከተጻፈበት፣
ከተተከለው ብረት
ጎንበስ ብዬ አነባለሁ፣ ጣና የደረሰበት።

ሥራዬ ይኸው ነው።
ሲሞላ አልፎክርም፣ ሲጎድል አላለቅስም፤
ልኩን ጽፎ መፈረም እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ የለኝም።
ከደብተሬ በስተቀኝ አንዲት ጠባብ ዐምድ አለች፣
«አስተያየት» ተብላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዶዋን የኖረች።
ማን ጠይቆኝ ልሙላት?
በየቀኑ አየኋት፣ በየቀኑ አለፍኋት።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ።
ዓሣ ሻጯ ጥሩዓለም ፍሪጇን በጋቢ ጠቅልላ
አቅፋው አደረች፣ ሦስት ቅርጫት ቆሮሶ ከነብርዱ ላቆይ ብላ።
ልጄ በሻማ ታጠናለች፤ የሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት።
«አባዬ፣ መብራት ከምን ይሠራል?» ስትለኝ፣ «ከጣና» አልኋት፤
«ከሐይቁ ማዶ፣ ውሃው በተራራ ሆድ ውስጥ ሄዶ፣
ከገደል ሲወረወር…»
«እንዴ! ሐይቁ ያለው እኛ ደጅ፤ መብራቱስ የት ሄዶ?»
የምመልስላት አጣሁ።
የሻማውን ክር ቆረጥሁላት።

ሌሊቱን «መጣ!» አለ ሰፈሩ፣ በአንድ አፍ፣ ከዳር እስከ ዳር፤
እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ «መጣ!» አልሁ፣ አላፍርም ለመናገር።
ጠዋት ስወርድ፣ ብረቱ
አንድ ሴንቲ ረዝሟል ቁመቱ።

ስብሰባ ተጠራ በሆቴሉ አዳራሽ።
ደጅ ላይ ጄኔሬተሩ እንደታሰረ በሬ ያጓራል፣
ጢሱ ወደ ሐይቁ ይሄዳል።
«መብራት የራቀው ፋብሪካ በድን ነው» አለ አንዱ፤ ልክ።
«እርሻችንስ?» አለ መስኖው፤ ልክ።
የጀልባ ማኅበሩ ሰብሳቢ ጫማውን አንሥቶ ጭቃውን አሳየ፤ ይሄም ልክ።
እምቦጭ ሲነቅሉ የከረሙት ከኋላ ወንበር ሆነው
አበላቸውን ጠየቁ፤ ማን ደፍሮ ልክ አይደላችሁም ሊላቸው?
ኢንጂነሩም ቀይ ነጥብ ግድግዳ ላይ እያራወጠ፣
«ከተፈቀደው ልክ በታች አልወረደም» ብሎ ተቀመጠ።
ሁሉም ልክ በሆነበት ቤት
ልክ ያጣው ውሃው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አልጠሩት።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። «አንለይ፣ ቁጥርህ ዝቅ ብሏል፤
ነፋስ ገፍቶት ይሆናል፣ ወይ ዓይንህ ደክሟል፤
ደግመህ እየው።»
ደግሜ አየሁት። ሦስቴ።
ነፋስ የለም። ብረቱ የዛገ እግሩን አውጥቷል፣
ሳቢሳ አጠገቡ ቆሟል።

ሲመሽ እንድሪስ ታንኳውን እየገፋ መጣ፤
ደንገል ፍለጋ ጎህ ሳይቀድ ነበር የወጣ፤
ድሮ ከደጁ ነው የሚያጭደው፣ ዛሬ ደጁ የሎጅ አጥር ነው።
«ዛሬስ ስንት አለ?» አለኝ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው።
ነገርሁት።
መቅዘፊያውን አቁሞ ወደ ታች ሰደደው፤ ውሃ፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያም ጭቃ።
መዝዞ አሳየኝ፦ «የኔም ይህን ይላል፣ በቃ።»

ደብተሬን ገለጥሁ። ቁጥሩን ጻፍሁ፣ ያንኑ ቁጥር።
ከዚያ በጠባቧ ዐምድ፣ ፊደሌ እየተጋፋ ከመስመር፦
«የእንድሪስ መቅዘፊያ፣ እስከ አንገቱ ጭቃ።»

ከሰፈር «መጣ!» ሲሉ ሰማሁ።
ልጄ ይሄኔ ሻማዋን አጥፍታለች።
ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ከሩብ። ፊርማ።