ብሩ ያለቀበት

ከሸለቆው በታች፣ ከጥዱ ሥር ገብተው፣
ብር ነበረ አሉ ቀድሞ ያገኙት ቆፍረው።
ያሒሞቭ ይሉታል፣ የቦሔሚያ ተራራ፤
ሸለቆው በስሙ ገንዘብ አስመታ፣ «ታለር» አስጠራ፣
አገር ለአገር ዞረ ያ ክቡ ጠገራ።

ብሩ ሲመነምን፣ ዶማው ሲነጥር፣
ከሥሩ ብቅ አለ ድንጋይ፣ እንደ ቅጥራን ጥቁር፤
ከባድ፣ የማይሸጥ፣ ለብሩ ሥር ባዳ፣
«ገደ ቢስ» አሉና ወረወሩት ሜዳ።
እሱ ከታየማ ብሩ አለቀ ማለት፣
ጓዝ መጠቅለል ነው፣ ሌላ ጉድጓድ ማየት።
ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው በረዶ ወረደበት፣
ፍየል ወጣችበት፣
ከዚያ ስድብ በቀር ማንም ስም አላወጣለት።

ኋላ አንድ ቀማሚ፣ ከሰል ያጠቆረው፣
ፈጭቶ በአሲድ አፍልቶ ከመስታወት ቀላቀለው፤
ሎሚ መሰለ ቀለሙ፣ አንዳንዴም ቄጠማ፣
ወይዛዝርት ጠጡበት በቪየና ከተማ።

ደግሞ በሌላ ዘመን ምሁራን ጽፈው ለመኑን፣
ላክን፣ ጥድ የተቀላቀለበት፣ በጆንያ ጥራጊያችንን፤
ከስንት ጋሪ አፈር የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል
ወጣች፣ ጨለማ ውስጥ የምታበራ፣ የማትሞቅ ነበልባል።
ከዚያማ ፍልውሃው ሆቴል ተሠራበት፣
ሪህ ያሠረው ባለጸጋ ጉልበቱን ነከረበት።
ቆፋሪው ግን በአርባ ዓመቱ በሳል አለቀ፤
ዶክተሩ «የተራራ ሕመም» ብሎ ጻፈ፣ ሌላ አልጠየቀ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ድንጋዩ ተሾመ፤
የሕዝብ ሀብት ተባለ፣ ዘብ በራፉ ቆመ፣
ከጥድ ጥድ በሽቦ ጫካው ተለጎመ።
አባቴ ኦታካር ሰዓት ሠሪ ነበር፤
ስለ አንድ ሹም ሐውልት ቀልድ ቢናገር፣
ዐሥር ዓመት ቆረጡለት፣ ድንጋይ ሲፈጭ ሊያድር።
ከቀዩ ጡብ ማማ፣ «የሞት ግንብ» ካሉት፣
ማዕድኑን በበርሜል፣ አቧራውን በሳንባ ከተቱት።

እናቴ ድራሆሚራ ሚዛን ቤት ጸሐፊ፣
ከአጥሩ ወዲያ ማዶ የኪሎ አሳላፊ፤
አንድ ማለዳ ከበርሜል ሥር በጠመኔ አየች
ትንሽ ሰዓት ተስላ፣ ሦስት የምትል። ደነገጠች።
ለዘቡ አልተናገረች።
በማግስቱ አራት ሆነ፣ ደግሞ ስድስት ሩብ ጉዳይ፤
የማታውቀው ሰው ቀጥሯት ትጠብቅ ጀመር፣ ሳታይ።
ሲፈታ አገኘችው፣ አገባችው፣ ጠየቀች፦
«አንድ ቀን ግን ሰዓቷ ለምን ያለ ቆጣሪ መጣች?
ሞተ ብዬ አለቀስኩ።» ሳቀና፣ ሳለና፦
«ጠመኔው አለቀብኝ፣ ሌላ ምን አለና።»

በርሜሉ ወደ ምሥራቅ በባቡር ተጋዘ፤
ተመልሶ ሲመጣ እንክብል ሆኖ፣ በብረት ዘንግ ተያዘ።
ዱቄቱ የእኛ ነው፣ ዳቦው የሌላ ሰው፤
የገዛ ድንጋያችንን በገዛ ብራችን ገዛነው።
ወጥ ቤታችን በራ፤ እውነት ነው፣ አልክድም።
አባቴ ያን መብራት ማጥፋት አንድም ቀን አልረሳም።

አሁን ጉድጓዱ ተዘጋ፣ የመጨረሻው ጋሪ ወጣ፤
ጥሩምባ ተነፋ፣ ሚኒስትር ሊናገር መጣ።
ውሃው ግን አልሰማም።
ከጥልቁ ይነሣል፣ ይሞላል፣ አይደክምም።
እኔ እዚያ ነኝ፣ ፓምፑ ዳር፣ የሌሊት ተረኛ፣
ከውሃ ቢጫ ዱቄት የማጣራ፣ የመጨረሻዋ ማዕድነኛ።
በሳምንት አንድ በርሜል፣ ከሞላም ሁለት፤
ክዳኑን እገጥማለሁ፣ ቁጥር እጽፍበት።
አዲሱ መሐንዲስ፣ ገና ጢም ያላወጣው፣
«እስከ መቼ ነው፣ ወይዘሮ፣ ይህ ፓምፕ የሚሠራው?»
ብሎ ቆሞ ሲጠይቀኝ፣ ከኪሴ ጠመኔ አወጣሁና
በርሜሉ ላይ ክብ አሰመርኩ፤ ከዚያ ተውኩና
ቆጣሪ አልሣልኩበትም።
ጠመኔስ ሞልቶኛል እኔን፤
የጎደለው ሰዓቱ ነው።