የልየው ፒስተን

ልየው ሞተሩን እየገፋ መጣ፣
ከሽምብጥ እስከ ደጄ፣ ሸሚዙ ላብ እየጠጣ።
ከኋላ የታሰረው ሣጥን ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤
«መነሣቱን ይነሣል» አለኝ፣ «ዳገት ሲያይ ይሞታል።»

አስነሣሁት። ሰማያዊ ጭስ
ከማርሚታው ወጥቶ ደጄን ሲያለብስ፣
«ዘይት ትጨምራለህ?» አልኩት። «ጥቂት፣ ጠዋት ጠዋት።»
«ስንት ነው ጥቂት?» ዞር አለ፣ ወደ ሐይቁ፣ በድንገት።

ካንዴላውን ፈታሁ፤ ጫፉ ረጥቧል፣ ጠቁሯል።
አውራ ጣቴን ቀዳዳው ላይ ደፍኜ «ርገጥ!» አልኩት፤
ትንፋሹ ጣቴን አልገፋም፣ እንደ ሕመምተኛ ቆጠርኩት።
በዚያው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት አፈሰስኩ፣
«ድገም» አልኩ።
ጣቴን ወርውሮ ጣለው!
ቫልቮላ ቢሆን ዘይቱ ምን ይረዳው ነበር?
ያለቀው የፋሻና የሲሊንደሩ ድንበር።

ቴስታታውን አንሥቼ ሲሊንደሩን በቀስታ ሳብኩ፣
የፒኑ ቀለበት ሾልኮ እንዳይገባ አፉን በጨርቅ ደፈንኩ።
ግድግዳው ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ጭረት፤
ጥፍሬ ይሰምጥበታል። አቧራ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፤
ይህ ግን የአንድ ሌሊት።

«ነክሶ ቆሞብህ ያውቃል?» አልኩት።
ባልዲዬን ገልብጦ ተቀመጠበት።

ክረምት ነበር፣ ጭቃው እስከ ጉልበት።
ጎረቤቱን እንጉዳይን ምጥ ይዟት፣
ባሏ ከኋላ ደግፏት፣
ሦስት ሆነው በአንድ ኮርቻ።
«መንገድ ላይ ሸተተኝ፣ የጋለ ብረት።
ካቆምኩት አይነሣም ብዬ
ሄድኩበት።
ሆስፒታሉ በር ላይ ራሱ ቆመ።»
ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጠየቅኩም፤
እሱም አልነገረኝም።

ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ በሃምሳ ተሰፋ።
ይህ ሁለተኛው ነው፤ ሦስተኛ የለም፤
አንዱን ጭረት ለማጥፋት ደህናውንም ይልጡታል፣
ግድግዳው ይሳሳል።

አዲሶቹን ፋሻዎች አንድ በአንድ ከሲሊንደሩ አግብቼ
ክፍተታቸውን ለካሁ፤
የጠበበውን በቀጭን ሞረድ ነካ ነካ አደረግሁ።
ፒስተኑ ላይ ስደረድራቸው አፋቸውን አራራቅሁ፤
አፍ ለአፍ ከገጠሙማ ሐሜተኞች ናቸው፣
ትንፋሽ ነው ወሬያቸው።
ቀስቱን ወደ ጭስ መውጫው አዙሬ፣ ዘይት ቀብቼ፣
በሁለት ጣቴ ጨመቅ አድርጌ ሲሊንደሩን አወረድኩበት፤
ጥልቅ አለ፣ ቤቱን እንዳወቀ ሰው።

በሁለተኛው እርግጫ ተነሣ።
ጭስ የለም።
«አምስት መቶ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ አትጋልበው፤
የአየር ማጣሪያውን ክዳን የት ጣልከው? ፈልገህ ግጠመው፤
ዘይቱን ሳይጠቁር ቀይረው።»
ራሱን ነቀነቀ። ሰምቶኝ እንደሆን እንጃ።
ግማሹን ከፈለ፤ ግማሹ ለቅዳሜ ገበያ።

አሮጌው ፒስተን ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ፣
አንድ ጎኑ እንደተፋቀ፣ እንደጠቆረ።
ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሣ ደረሰኞቼን ይይዝልኛል፤
ከሥሩም የልየው ቀሪ ዕዳ፣ በእርሳስ የተጻፈው፣ ይታየኛል።
ማታ ልዘጋ ስል አነሣውና
ጭረቱን በጥፍሬ እከተለዋለሁ፣ ከላይ ወደ ታች፣
ልየው የት ላይ ሊያቆም ይችል እንደነበር
እየፈለግሁ።
ገና አላገኘሁትም።