ጠብታዋ

ሦስት ሳምንት ሆነው ወፍጮው ከተዘጋ፤
ማደያው ደጃፍ ላይ ሰልፍ ነው እስኪነጋ።
ሴቶቹ በሐርቡ ማሽላ እንዳዘሉ
«ዛሬስ?» ብለው ቆመው፣ «ነገ» ሲባል ያልፋሉ።
ኢንድሪስ ጃሪካኑን ገልብጦ ቢመታ
ጠብ ያለለት ነገር የናፍጣ ሽታ።

ከወፍጮው ጀርባ ነው የጦይባ በረት፤
ሰባት ላም፣ አንድ ወይፈን፣ ጥጉ ላይ ጉድጓድ አለበት።
እበቱ ከውስጡ እየተብላላ
አንድ ምድጃና አንድ መብራት አበላ፤
የተረፈው ጋዝ ወደ ሰማይ ሲሄድ
ለማንም ሳይነግር፣ ለማንም ሳይነድ።

አያ እብሬ መጣ፣ መፍቻውን በኪሱ፣
ደሴ ጋራዥ ያረጀ፣ ግራሶ ነው ልብሱ።
ያየር ማጣሪያውን አንገት ቦረቦረና
ከጦይባ ጓሮ ድረስ ቱቦ ሳበና፣
መሀል ላይ ጣሳ ሰካ፣ የዛገ ብረት ሞላበት፤
«የበሰበሰ እንቁላል ጠረኑን ይዋጥበት፤
ያ ጠረን ዝም ካልነው ሲሊንደር ይበላል» አለኝ።
ጋዙን በላስቲክ ከረጢት ነፍቶ፣ አንዲት ቫልቭ ሰጠኝ፦
«እጅህ እዚህ፣ ጆሮህ እዚያ፤ ዓይንህን አልፈልገውም፤
ሞተር ሲታመም በድምፁ እንጂ በመልኩ አይታወቅም።»

በናፍጣ አስነሳነው። ዱብ ዱብ ዱብ አለ፣
ቺንጋው እንደ እባብ ገላ እየተንገዋለለ።
ቀስ ብዬ ከፈትሁት። የላሞቹ ትንፋሽ
በቱቦው ሲገባ፣ የናፍጣው ዘንግ ማንም ሳይነካው ሲሸሽ፣
እብሬ ሳቀ፦ «አየኸው? ጠገበ፤
ሌላ ሲቀርብለት የፊቱን ሰበሰበ።»

ኢንድሪስን ስስት ያዘው፦ «ዝጋው፣ የናፍጣውን!
ነጻ እበት እያለ ማን ይከፍላል ጣጣውን?»

ተዘጋ።
ሦስት ጊዜ አቃሰተ። አራተኛው ላይ ዝም።
ላሞቹ እንኳ ማመስኳት ያቆሙ መሰለኝ፣ ባላምንም።

«ጋዙ» አለ እብሬ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
«ብታፍነው፣ ብትጨምቀው፣ ብቻውን እሳት መች አደረገ?
ናፍጣ ነው ሲታፈን በራሱ የሚቆጣ፤
ቢያንስ አንድ ጠብታ ቀድማው ትምጣ።
ጭድ ጎተራ ቢሞላ፣ እስከ ጣራው ቢከመር
ክብሪት ካልጫሩለት ምን ብርሃን ሊጀምር?»

ይህን ስሰማ ያ ወሎዬነቴ
ምሳሌ ሊያወጣ ቋመጠ አንደበቴ፦
ስለ ቅልቅል፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ አንድ ማድ...
ዋጥሁት። ቫልቭ የያዘ ሰው
ምሳሌ ሲፈጥር ነው ሞተሩን የሚያስነጥሰው።

እውነትም ያን ቀን ማታ አብዝቼው ነበር፤
ጠጠር የበላ ይመስል መንጋጋው ሊሰበር።
መለስሁት በጥፍር ያህል። ከዚያ ወዲህ ገባኝ፣
ጆሮዬ ከእጄ ቀድሞ እየመራኝ።

በማግስቱ ጦይባ፣ መቀነቷን አጥብቃ፦
«ወላሂ፣ ኢንድሪስ፣ ላሞቼ ናቸው የሚፈጩት፤
ባንተ ድንጋይ ላይ ሆነው በእኔ ሣር ነው የሚጮኹት!»
እሱ ስለ ሞተሩ፣ እሷ ስለ በረቷ፣
እስኪመሽ ተሟገቱ። በነጻ ይፈጭ ጀመር የጦይባ ስልቻ፣ የእሷና የእህቷ።

አሁን የካቲት ነው። ሣሩም ቀጠነ፣
ላሞቹ ቦርከና ዳር ወርደው፣ እበቱ መነመነ።
ከረጢቱ ጎድሏል፣ ቆዳው ተጨማዷል፤
ያ የሸሸው ዘንግ ወደ ቦታው ተመልሶ ሄዷል።
ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ ድምፁ ሲወፍር፣
ናፍጣ በብዛት ሲጠጣ፣ ሲያጓራ፣ ሲደነፍር።

ኢንድሪስ በር ላይ ቆሞ፦ «ስንት ጠጣ ዛሬ?»
«ከትናንቱ አንድ ጆግ ጨምሯል» ስል፣ ከበረት ጦይባ፦ «ወለደች ቡሬ!»

እጄ ቫልቩ ላይ ነበረ። ሳላዝዘው፣ በጣም ጥቂት
ዞረ።