ቀኑ ያልተጻፈበት ደብዳቤ

በመሳቢያዬ ውስጥ፣ ከጠመኔው ሣጥን ሥር፣
አንድ ደብዳቤ አለ፣ «በገዛ ፈቃዴ» ብሎ የሚጀምር።
ስሜ ተጽፏል፣ ፊርማዬ አለበት፣
ቀኑን ብቻ ነው ያልሞላሁበት።

በየዓመቱ፣ የናሪን ወንዝ በረዶ ሲሠራ፣
የክፍሉ ምድጃ ሙቀቱን ሰስቶ ጭሱን ሲዘራ፣
አወጣዋለሁ፤ አነበዋለሁ፤
አንድ ነጠላ ሰረዝ አርሜ መልሼ አጥፈዋለሁ።

ምክንያት አልጠፋም፤ ምክንያትማ ሞልቷል።
የከሰሉ መኪና ዘንድሮም ዘግይቷል።
ከወረዳ የመጣው ተቆጣጣሪ
መጋረጃ ቆጥሮ ሄደ፤ አላየም ተማሪ።
ሪፖርት በሦስት ቅጂ፣ ስለ ሪፖርቱም ሌላ ሪፖርት፤
ደመወዜን ደግሞ የባለሱቁ ደብተር ገና ሳይደርስ ጨርሶት።

እህቴ አይዛዳ፣ ቢሽኬክ ገበያ፣
የስልክ ሽፋን ትሸጣለች ከኮንቴይነር መደርደሪያ።
«የወር ደመወዝሽን በሳምንት አገኛለሁ፤
ነይ፣ የሱቁን ግማሽ እለቅልሻለሁ»
ትለኛለች። እውነቷን ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤
ይቺን ማባዛት ማን ነው የሚነግረኝ?

በመምህራን ቀን አበባ ይዘው ይሰለፋሉ፤
«ሻማ ነሽ፣ ቀልጠሽ የምታበሪ» ይላሉ።
ሻማ!
ሻማ ኪራይ አይከፍልም፤ ጉልበቱን አያመውም፤
ወር ሲያልቅ «የታል ገንዘቤ?» ብሎ አይጠይቅም፤
ምሳሌውን የወደዱት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ለምን ታዲያ? እኔም እንጃ።
«ፍቅር ነው» የሚለው ያምራል፣ ተሰቅሎ ከመጋረጃው ጋር፣ ለተቆጣጣሪው ማስረጃ።
እኔ ግን ሁሉንም አልወዳቸውም፤
ኤርመክን ለምሳሌ፣ ጠመኔዬን የሚበላውን፣
ከሰኞ እስከ ረቡዕ ፈጽሞ አልወደውም።

ስርጋክ ግን አለ። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ።
አባቱ ሞስኮ ጡብ ሲደረድር፣ እናቱ እዚያው ደረጃ ስትጠርግ፣
ከአያቱ ጋር የቀረ፤ ከመስከረም እስከ ጥር
አንዲት ቃል ያልተነፈሰ፣ «አቤት» ከማለት በቀር።

ያን ሐሙስ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፤
ሁለት ቧንቧ፣ አንድ በርሜል። ዝም ሲሉ ጊዜ ልፈታው ጠመኔ ሳብኩ።
ከመስኮቱ ጥግ አንድ እጅ ተነሣ፤
ለመመለስ አይደለም፣ እኔን ለማቆም እንጂ፤
መዳፉ እንደ ትራፊክ ፖሊስ፣ ድምፁ እየሰለለ፣ እየሳሳ፦
«ቆይ! አይንገሩኝ!»

አይንገሩኝ።
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንድነግር ተቀጥሬ፣
ዝም በይ ባለኝ ልጅ ፊት ዝም አልኩ፣ ትንፋሼን ቋጥሬ።
ክፍሉ ጭር አለ። ምድጃው ብቻ ተንጣጣ።
ከንፈሩ ይቆጥራል፤ ጣቱ አየር ላይ ይጽፋል፤ ፊቱ ላይ ደም መጣ።
ኤርመክ እንኳ ማኘኩን ተወ።

መልሱ ስሕተት ነበር፣
በሁለት ደቂቃ። ራሱ ደረሰበት፤ ሣቀ፤
ሰርዞ፣ ከሥሩ እንደገና መጻፍ ጀመር።
ደወሉ ሲደወል አልጨረሰም።
ደብተሩን በካፖርቱ ሸሽጎ፣ ብርድ እንዳይመታው እንደ ጫጩት ይዞት ወጣ።

ማታ ደብዳቤውን አወጣሁ፤ ብዕርም ነበረኝ፤
«እህሳ፣ ቁርጡን?» የሚል የአይዛዳ መልእክት ደረሰኝ።
ቀኑን ልሞላ ስል፣ ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የእነሱ ነው።
በርሜሉ ገና አልሞላም፤ ስንት ደቂቃ እንደቀረው
ስርጋክ ነው የሚያውቀው።

«ቆይ» ብዬ ጻፍኩላት ለእህቴ፣
«ቆይ፣ አትንገሪኝ።»
መሳቢያውን በጉልበቴ ገፋሁት።
ሲዘጋ ያስቸግራል።