ታለፈ

እኔ ነኝ ጸሐፊው፣ የቀበሌው ምክር ቤት፣
ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ይኸው ስምንት ዓመት፤
እጄ ነው የጻፈው፣ ማን ምን እንዳነሣ፣
ማን እንቅልፍ ወስዶት፣ ለድምፅ ሲቀሰቅሱት፣ እጁን እንዳነሣ።

ዛሬ ግን ደብረ ብርሃን፣ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ፣
የፕላስቲክ አበባ፣ የቀይ ምንጣፍ ጌጥ፣
"የዞኑ ምርጥ ምክር ቤት" ተብሎ ሲጠራ፣
የእኛ ቀበሌ ስም፣ ከዋንጫው ጋራ፣
እኔም አጨበጨብኩ፣ መዳፌ እስኪግል፣
ለደስታም ለብርድም፣ ያው አንድ ነው ይመስል።

አቶ ወንድይፍራው፣ አፈ ጉባኤያችን፣
በሰርጉ ከረባት፣ ወጣ ስለ ሁላችን፤
ዋንጫውን ተቀብሎ፣ ከፍ አድርጎ አሳየ፣
ካሜራው ብልጭ ሲል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ታየ።

መድረክ መሪው ያነባል፦ "ይህ ምክር ቤት፣
በሞፈር ውሃ ላይ፣ ድልድይ እንዲሠራለት፣
ያላሰለሰ ክትትል፣ የነቃ ቁጥጥር፣
አርአያ የሚሆን፣ የሕዝብ ውክልና ተግባር..."
ጆሮዬ እዚያ ላይ ቀረ።
ያላሰለሰው ማነው?
ደብተሩ እኔ ጋ ነው።

ጥቅምት፣ ሦስተኛ አጀንዳ፦
ወይዘሮ ልኬለሽ በዛብህ ተነሡ፣
የድልድዩን ነገር እንደገና አነሡ።
"በጊዜ እጥረት ታለፈ።"
ታኅሣሥ። ውርጩ የገብሱን እሸት መትቶ፣
ሰው ሁሉ ስለ እርዳታ፣ በአንድ አፍ አውርቶ፣
እሳቸው ስለ ድልድይ። እኔም ጻፍኩ፦ "ታለፈ።"
የካቲት ታለፈ። ሚያዝያ ታለፈ።
ሰኔ ላይ ሞፈር ውሃ፣ ደፈረሰ፣ ጎረፈ፤
ሰባት ተማሪዎች፣ የስምንተኛ ክፍል፣
ፈተናው ማዶ ሆኖ፣ ከዚህ ዳር ቆመው ሰሙ፣ ደወሉ ሲደወል።
ያን ቀን ልኬለሽ መጡ፣ ባናቸው ርሶ፣
"ጻፍ" አሉኝ፣ "የሰባቱን ስም፣ ከነአባታቸው፣ በትልቁ ፊደል፣
ያነበበው ሁሉ እንዲያፍር አጎንብሶ።"

እኔ ግን ቦታ አጣሁ፤ ገጹ አልቆ ነበር፤
(እውነቱን ልናገር? የሻይ ሰዓት ነበር።)
"ልዩ ልዩ ጉዳዮች" ብዬ አሳጠርኩት፣
የሰባት ልጅ ስም፣ በሦስት ቃል ቀበርኩት።

ከዚያ ወዲያ በእግር፣ ወረዳ ሲመላለሱ፣
"ባለሙያው መስክ ነው" ሲባሉ፣ ሲመለሱ፣
ሲሚንቶ በአህያ፣ በገደሉ ሲወርድ፣
ከረጢት ሲቆጥሩ፣ በሌሊቱ ብርድ፣
ደብተሬ አላየም። ደብተሬ የሚያውቀው "ታለፈ"ን ነው፤
ዋንጫ ያሸለመው ግን፣ ደብተሬ ነው።
ሪፖርት ሲጠየቅ፣ ባለፈው ነሐሴ፣
"ታለፈ"ን "ታየ" ብዬ፣ ያረምኩ እኔ ራሴ።

ማታ ስንመለስ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም፤
አፈ ጉባኤው ከፊት፣ አንቀላፍቷል አሁንም፤
ዋንጫው ልኬለሽ ጭን ላይ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣
ኮረኮንች ሲመጣ፣ ብረቱ ቃ ብሎ።
ሞተሩ ፈላና፣ ሹፌሩ ሲጨነቅ፣
ከምንጭ መቅጃ የሚሆን፣ ዕቃ ሲጠየቅ፣
ፌስታሉን ፈቱና፣ "በል እንካ ይህን ጣሳ፣
ውሃ ይቀዳበት፣ በባዶ ከሚያገሳ።"
አራቴ ተቀዳ። መኪናው ተነሣ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣
"አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ጊዜ፣ ምን ነበር የምትጽፈው?"
ጉሙ ነው ያዳነኝ፤ ፊቴን ሸፈነው።

በማግስቱ ማልጄ፣ ደብተሬን ይዤ ወረድኩ፣
ከድልድዩ ግንብ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።
መጡ፣ ክፍሉን ሊደግሙ፣ እየተጋፉ፣ እየሳቁ፤
ቆጠርኩ። ስድስት ናቸው።
ሰባተኛዋን ስጠይቅ፣ እርስ በርስ ተያዩ፤ "ጥር ላይ ተዳረች።"

በትልቁ ፊደል፣ ከነአባታቸው፣ ሰባቱንም ጻፍኩ፤
ከሥር አንድ መስመር ዘለልኩ፦

ሞፈር ውሃ፦ ታለፈ።
ይታይሽ አበጋዝ፦ ታለፈች።